መርዶ በፓኖራማ መንገድ

ዮሲ ለዚህ ሥራ የተመረጠው በፊቱ ነው።

«እሱ ይሂድ» አሉ ጋሽ ኪዳነ፣ የሮማው እድር ዳኛ። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ እትዬ ዘርፈሽዋል ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዞሮ ዮሲን አየው። «ይኼ ልጅ እዚሁ ስላደገ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብበትም። ቢስቅም ያው፣ ቢከፋውም ያው። እንዲህ ያለ ፊት ለክፉ ቀን ነው።»

ዮሲ ሙገሳ ይሁን ስድብ ሳይገባው «እሺ» አለ። ሶሲዮሎጂ ተምሮ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ሻንጣ የሚቀበል የሠላሳ ዓመት ሰው እድር ፊት ሌላ ምን ይላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ አብረኸት አዲስ አበባ ላይ አርፈዋል። ልጃቸው አልጋነሽ ደግሞ ኦርቪዬቶ በምትባል ከተማ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ትጦራለች፤ ባዳንቴ ናት፤ ምንም አልሰማችም። በስልክ አይነገራት ነገር፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይም አይነገርም። ብቻዋን በፈረንጅ ኩሽና ውስጥ፣ እጇ ሳህን እንደያዘ መስማቷማ የማይታሰብ ነው። ሰው የሚረዳው ቤት ገብቶ፣ ወገን ከቦት፣ ሲወድቅ የሚይዘው ግራና ቀኝ ቆሞለት ነው። ስለዚህ አልጋነሽ ሳታውቅ ሮማ መምጣት አለባት።

«ምን ብዬ ላምጣት?» አለ ዮሲ።

«ሰው ታሟል በላት» አለ ከተሰበሰቡት አንዱ፣ ጌጡ።

«ወይ አንተ! እኛ ዘንድ ‹ታሟል› ተብሎ የተጠራንለት ሰው ድኖ ያውቃል? ያኔውኑ ታውቃለች።»

«የፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ጉዳይ ነው እንበላት።»

«ፔርሜሶዋ ባለፈው ወር ነው የታደሰው፤ ደግሳ አብልታን የለ እንዴ!»

መላው የመጣው ከእትዬ ዘርፈሽዋል ነው። «ሕሊና ልትታጭ ነው፣ ነገ ሽማግሌ ይመጣል እንበላት። የክርስትና እናቷ አይደለች? በሩጫ ነው የምትመጣው።»

የእትዬ ዘርፈሽዋል ልጅ፣ የአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ሕሊና፣ ጥግ ላይ ስልኳን እየነካካች ነበር። መታጨቷን የሰማችው እንግዲህ ያኔ ነው። «ኬ? ምን? ለማን?» ብላ ብድግ አለች።

«አንቺ ቁጭ በይ። ስልክሽንም አጥፊ፤ አልጋነሽ ደውላ እንኳን ደስ አለሽ እንዳትልሽ» አሏት እናቷ።

የቀረው መመለሻው ነበር። በማግስቱ፣ አርብ፣ ባቡሩ ሁሉ ሾፔሮ፣ የሥራ ማቆም አድማ፣ ሊመታ ነው። የጌጡ መኪና መካኒክ ቤት ናት። ዮሲ በሐሙስ ማታው ባቡር ሊሄድ፣ ለመልሱ ደግሞ በስልኩ ሲፈልግ አንድ ነገር አገኘ፦ ትራንስፈር፣ ከኦርቪዬቶ ሮማ፣ ስምንት ሰው የሚይዝ ቫን፣ ጠዋት ተነሺ። ደስ ብሎት ተጫነው። እንግዳን ሁሉ «ከመክፈልህ በፊት እስከ ታች አንብብ» እያለ በየቀኑ የሚመክረው ሰው እስከ ታች አላነበበም።

*

አልጋነሽ ጠዋት በሲኞራዋ በር ላይ ተኳኩላ፣ የጆሮ ወርቋን አድርጋ፣ የሀበሻ ቀሚሷን በሻንጣ ይዛ ጠበቀችው። ምሥጢሩ የተነገረው የሲኞራዋ ልጅ እናቱን ሊረከብ መጥቶ ነበር፤ አልጋነሽን ጭምቅ አድርጎ አቀፋት። እሷ በትከሻው ላይ ዮሲን «ምን ነካው?» በሚል ዓይን አየችው።

«ልጁ ማነው?» አለችው ገና መንገድ ሳይሻገሩ። «ጣልያን እንዳትለኝ።»

«ሀበሻ ነው፣ እትዬ አልጋነሽ።»

«ተመስገን! ሥራውስ?»

«ባንክ» አለ ዮሲ። ከየት እንደመጣለት አያውቅም።

«ባንክ! አየህ፣ ያቺ ልጅ ዝም ብላ ዝም ብላ…» ብላ ሳቀች። «እናቴ ብትሰማ ምን ትል ይሆን! ‹አንቺ የዳርሽው የሰው ልጅ ብቻ› ነው የምትለኝ። ለፋሲካ ስሄድ ፎቶውን አሳያታለሁ። ብዙ አንሳኝ እሺ? አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ጣልያን እንዴት ያለ ሀገር ነው?› ስትለኝ፣ የሲኞራዬን ሶፋ እንጂ ምን አይቼ ልንገራት?»

ዮሲ የእሷን ስልክ ተቀበላት፤ የኔ ካሜራ ተበላሽቷል ብሎ። ፎቶ ሊያነሳ አልነበረም። ኢንተርኔቱን ዘግቶ ኪሱ ከተተው፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁሉ የእማማ አብረኸትን ፎቶ ከሻማ ጋር መለጠፍ ጀምሮ ነበርና።

ቫኑ ውስጥ ሁለት ረዣዥም የሆላንድ ባልና ሚስት፣ ሁለት ሸምገል ያሉ የቬትናም ባልና ሚስት፣ ማውሮ የሚባል ሹፌር፣ እንዲሁም ማይክሮፎን የያዘች ሴት ነበሩ። ለስምንት ሰው ማይክሮፎን ለምን እንዳስፈለገ ዮሲ ሊገባው አልቻለም።

«ቦንጆርኖ! ፌዴሪካ እባላለሁ፤ አስጎብኚያችሁ ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «ዛሬ እዚህ ቫን ውስጥ የሚቸኩል ሰው የለም። የኛ ጉዞ መድረስ አይደለም። መንገዱ ራሱ ነው መድረሻችን!»

ዮሲ ስልኩን አውጥቶ ማዘዣውን እስከ ታች አነበበ። ፓኖራሚኮ። ከአስጎብኚ ጋር። ድልድይ፣ ዘይት መጭመቂያ፣ ሐይቅ፣ ፍል ውኃ፣ የሸክላ መንደር። ሮማ መግቢያ፦ ምሽት።

በመጀመሪያው ማረፊያ ከሰው ራቅ ብሎ ደወለ።

«እንዴት ምሽት?» አሉ ጋሽ ኪዳነ በሹክሹክታ፤ ከኋላቸው የሴቶች ድምፅ ይሰማል። «ሴቶቹ ከየሲኞራቸው እስከ አስር ሰዓት ነው ያስፈቀዱት! ሰው በሌለበት እኔና ጌጡ ቆመን ልናረዳት ነው? ሹፌሩን ፍጠን በለው።»

«ጋሽ ኪዳነ፣ ፓኖራሚኮ ነው።»

«ምንድነው እሱ?»

«ሀገር እያሳየ ቀስ ብሎ የሚሄድ።»

«ልጄ» አሉ፣ «እኛ መርዶ አምጣ አልንህ እንጂ ቱሪስት አምጣ አልንህ?»

*

ማረፊያዋ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለች መንደር ነበረች፤ በረዥም የእግረኛ ድልድይ ነው የሚገባባት። አልጋነሽ ድልድዩ መሀል ቆማ እጆቿን ዘረጋች። «እዚህ አፍንጫዬ ሥር ሆና አስራ ሦስት ዓመት አላየኋትም! አንሳኝ፤ ገደሉም ይግባ። እናቴ ገደል ስታይ ‹በስመአብ› ትላለች፤ እሷን ላስደነግጣት ነው።»

ዮሲ አነሳት። በስክሪኑ ላይ ስትስቅ ጥርሷ እንዴት እንደሚያምር ያየው ገና ያኔ ነው። ልጅ ሳለ፣ እሷም ገና ሮማ ሳለች፣ እናቱ ሥራ ስትውል የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ጣቱ ካሜራው ላይ አርፎ ፎቶው ተበላሸ።

«ድገመኝ፤ ምነው እጅህ? አንተ ነህ እንዴ የምትታጨው?»

መንደሯ ውስጥ አንዲት ትንሽ የሽመና ሱቅ ነበረች። አልጋነሽ ሰማያዊ ወደ ግራጫ የሚወስደው የሱፍ ሻርፕ አንስታ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

«ይቅርብሽ፤ ሮማ ርካሽ አለ» አለ ዮሲ።

«ለእናቴ ነው። በርዷት አያውቅም ብለህ ነው? ሚያዝያ ላይ እንኳ ካልሲ ነው የምታደርገው።»

«ሌላ ቀን…»

«ሌላ ቀን እዚህ ማን ያመጣኛል?» ብላ ገዛችው። ያለችው ሁሉ ልክ ነበር፤ የከፋውም ያ ነው።

ድልድዩ ጫፍ ላይ ያ የቬትናም ሽማግሌ ሲጋራ እየጠቀለለ አገኘው። ሚስተር ቲን ነው ስሙ። እንግሊዝኛው ቁርጥራጭ ቢሆንም ይገባል። ሀገሩ እያለ ከሁዌ ወደ ሆይ አን ቱሪስት በቫን ያመላልስ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጉዞ የሠላሳ ዓመት እንጀራው ነው።

«ተራራ እንወጣለን። ባሕር እናያለን። ፎቶ» አለ በጣቱ እየቆጠረ። «ከዚያ የዕብነ በረድ ሱቅ፤ የባለቤቴ ወንድም። ከዚያ ምሳ፤ የባለቤቴ እህት። ከዚያ ሌላ ባሕር።»

«ቸኩያለሁ የሚል ሰው ቢመጣስ?»

ሚስተር ቲን ከልቡ ሳቀ። «አውቶቡስ አለልህ እለዋለሁ። በየማረፊያው የሚጠብቅ ሰው አለ። ቫን መሪው ሹፌሩ ጋ ነው ትላለህ፤ አይደለም። ሱቁ ነው የሚነዳው።»

ዮሲ የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ፌዴሪካን ወደ ጎን ጠርቶ እውነቱን ነገራት፤ እናቷ ሞተዋል፣ እሷ አታውቅም፣ ቤት ሰው ተሰብስቧል፣ እባክሽ የቀረውን ዝለሉልን፣ ለእሷም እንዳትነግሪያት አላት። ፌዴሪካ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ዓይኗ ወዲያው እንባ ሞላ። «ፖቬሪና፣ ምስኪን» እያለች ወደ ሌሎቹ ሄደች። ዮሲ ከሩቅ ሲያይ ተጠጋግተው ተነጋገሩ። የሆላንዱ ሰውዬ እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ሚስቱም፤ ማውሮም። ድምፅ ሊሰጡ ነው።

«ተስማምተናል» አለች ፌዴሪካ ስትመለስ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «የሆላንዱ ሰውዬ መጀመሪያ የማወቅ መብት አላት፣ አሁኑኑ ይነገራት ብሎ ነበር። እኔ ግን አሳመንኩት። ይህ የመጨረሻ የደስታ ቀኗ ነው። አናቻኩላትም። የሱፍ አበባ ማሳ ያለው የአጎቴ ልጅ አለ፤ እሱንም ጨምረናል።»

«አልገባሽም፤ እኔ ያልኩሽ…»

«አታመስግነኝ» አለች ፌዴሪካ፣ ደረቱን በመዳፏ እየነካች።

*

ከዚያ በኋላ ቫኑ ውስጥ ከአልጋነሽ በቀር የማያውቅ አልነበረም፤ ቫኑም እንደ ሠርግ መኪና መሄድ ጀመረ። ማውሮ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። የሆላንዷ ሴትዮ የፀሐይ መነጽሯን አውልቃ ሰጠቻት፤ ለጉዞው ሳይሆን ለሁልጊዜው። ፌዴሪካ ማይክሮፎኑን ይዛ ስለ እያንዳንዱ ዛፍ ለአልጋነሽ ብቻ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ እያለች ታስረዳታለች። የሱፍ አበባው ማሳ ላይ የአጎቷ ልጅ እቅፍ ሙሉ አበባ ሰጣት፤ እሱም የተነገረው ይመስላል፣ ኮፍያውን አውልቆ ነበር።

ዘይት መጭመቂያው ቤት ረዥም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ጠበቃቸው፤ አይብ፣ ሳላሜ፣ ሌላ አይብ።

«አርብ ነው፤ ጾም ነኝ» አለች አልጋነሽ በጣልያንኛ።

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። የሆላንዷ ሴትዮ እጇን ይዛ «ዛሬ እንኳ ብትበዪ ማንም አይፈርድብሽም» አለቻት፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ። ባልየው ተነስቶ ወደ ወይራ ዛፎቹ ሄደ። ሳህኗ ውስጥ ሁሉም ከየራሱ ዳቦ እየቆረሰ አስቀመጠላት። አልጋነሽ የዳቦውን ክምር አየች፤ ቀጥላ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች፤ በመጨረሻ ዮሲን። ዮሲ ሳላሜ ጎረሰ። አርብ መሆኑ ትዝ ያለው ከዋጠው በኋላ ነው።

የዮሲ ስልክ በየሩብ ሰዓቱ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ኪዳነ ናቸው። አላነሳም። ምን ሊላቸው? የሱፍ አበባ እያየን ነው?

ሐይቁ ላይ ሲደርሱ ከሰዓት በኋላው ወደ ማዘንበሉ ነበር። ቫኑ ኮረብታ ላይ ቆመ፤ ከታች ውኃው ክብ ሆኖ ተኝቷል፤ ነፋስ አለ። ፌዴሪካ ማይክሮፎኗን አጥፍታ «የፈለጋችሁትን ያህል» አለች፤ የተናገረችው ግን ለአንድ ሰው ነው።

አልጋነሽ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጠች። «ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል።»

ተቀመጠ።

«ልጁ ባንክ ነው የሚሠራው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«ዘይት ቤቱ ጋ ጠበቃ ነው አላልክም?»

«የባንክ ጠበቃ ነው።»

«እሺ።» መነጽሩን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ዮሲዬ፣ እኔ እዚህ ሀገር አንድ ፈረንጅ ወንበር ለቆልኝ አያውቅም። አውቶቡስ ላይ መጨረሻ የሚሞላው እኔ አጠገብ ያለው ነው። ዛሬ ጠዋት የሲኞራዬ ልጅ አቀፈኝ። ይኼ ሹፌር በሩን ይከፍትልኛል። ያ ረዥሙ ሰውዬ ባየኝ ቁጥር ያለቅሳል። ይኼ ሁሉ ደግነት የጤና ነው?»

ዮሲ አፉን ከፈተ።

«ዝም በል!» አለችው፣ በልጅነቱ መንገድ ሊሻገር ሲል እንደምትቆጣው። «መንገድ ላይ ይረዳል እንዴ? ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግነው! ቤት እስክንደርስ አንዲት ቃል እንዳትወጣህ።»

ሁለቱም ውኃውን አዩ። የሐይቁን ስም ፌዴሪካ ነግራቸው ነበር፤ ዮሲ ጠፋበት።

ትንሽ ራቅ ብሎ የሚስተር ቲን ሚስት ቆመዋል። ቀጭን ናቸው፤ ነፋሱ ሸሚዛቸውን ከጀርባቸው ጋር አጣብቆታል። አልጋነሽ ቦርሳዋን ከፍታ ሻርፑን አወጣች። ለረዥም ጊዜ በእጇ ይዛው ቆየች።

«ሴትዮዋ በርዷቸዋል» አለች ሳታየው። «ይኼን ላልብሳቸው?»

ዮሲ ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል። ለእናትሽ የገዛሽውን? ማለት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲዋሽ ውሏል፤ ለሌለ ሙሽራ ሥራ ሰጥቶታል፣ ቤት ገዝቶለታል፣ እናቱን ጎንደሬ አድርጓታል። ይህቺ ከሁሉ ታንሳለች። አፉን ከፈተ። ለእ… እንደገና ሞከረ። የወጣው ነገር አልነበረም።

አልጋነሽ ጠበቀችው። ደህና አድርጋ ነው የጠበቀችው፤ እንዲል የምትለምነው ይመስል ነበር። ከዚያ ዞረች፤ ጋሽ ኪዳነ ምንም አይነበብበትም ብለው የመሰከሩለትን ፊት አየችው።

«እሺ» አለች።

ተነስታ ሄዳ ሻርፑን ሴትዮዋ ትከሻ ላይ አደረገችላቸው። አንገታቸው ሥር አጠላለፈችው፤ ጫፉን አስተካከለች፤ እጇን እዚያው ደረታቸው ላይ አሳርፋ ቆየች። ሴትዮዋ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አሏት። እሷም «አዎ፣ እማማ» አለቻቸው በአማርኛ።

ከዚያ ወደ ፌዴሪካ ዞረች። «አሎራ፣ እንሂድ። የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ።»

ፌዴሪካ ስለ ፍል ውኃው ልትናገር ማይክሮፎኑን አንስታ ፊቷን ስታይ መልሳ አስቀመጠችው። ማውሮ ሞተሩን አስነሳ። ዮሲ ለምኖ፣ ጋሽ ኪዳነ ተቆጥተው ያልፈጠነው ቫን እስከ ሮማ አንድም ቦታ አልቆመም። የሸክላ መንደሯ በመስኮት አለፈች። አልጋነሽ ወደ ኋላ መጥታ ከዮሲ ጋር ተቀምጣ ነበር።

«ቤት አለው አልክ፣ ልጁ?» አለች ከተማው ሲታይ።

«አለው።»

«የት?»

«ኦስቲያ። ባሕሩ አጠገብ።»

«ጥሩ ነው» አለች በመስኮት እያየች። «ባሕር ጥሩ ነው።»

*

ተርሚኒ ሲደርሱ አስር ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ሁሉም ከቫኑ ወርደው ተሰለፉ፤ አንድ በአንድ አቀፏት። ሚስተር ቲን ዮሲን በሁለት እጁ ጨበጠውና ራሱን ነቀነቀ።

ደረጃው ሥር አልጋነሽ ቆመች። «ብዙ ሰው አለ?»

«ሁሉም አለ።» ሴቶቹ አልሄዱም ነበር፤ እያንዳንዳቸው ለየሲኞራቸው ደውለው ሾፔሮው መንገድ ላይ አስቀረን ብለዋል።

«ይብላኝላቸው፣ ርቧቸዋል» አለች። የጆሮ ወርቋን ነካች፤ አላወለቀችውም። «ስማ። አንተ አልነገርከኝም። እኔም ምንም አላውቅም። ጋሽ ኪዳነ ከትናንት ጀምረው ንግግር ሲያዘጋጁ ቆይተው ይሆናል፤ አላበላሽባቸውም።»

አራት ፎቅ ወጡ። በየፎቁ ቆማ ተነፈሰች። የእትዬ ዘርፈሽዋል በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ውስጥ የነበረው ጉምጉምታ የእግር ኮቴ ሲሰማ ጸጥ አለ። አልጋነሽ የሱፍ አበባውን እቅፍ አስተካከለች፤ በሩን ገፋችው።

«እልልልልልል!» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ቆመዋል። ማንም አልተነቃነቀም። ሕሊና ግድግዳ ተደግፋ ፊቷን ሸፈነች። ጋሽ ኪዳነ ከፊት ሆነው «ልጄ አልጋነሽ…» ብለው ጀመሩና የሚቀጥለው ጠፋባቸው። እልልታው ግን አልቆመም፤ እዚያው አየር ላይ እንዳለ ቀጠነ፣ ተሰበረ፣ ሌላ ነገር ሆነ፤ ያኔ ግራና ቀኝ ያሉት እጆች ያዟት።

ዮሲ በሩ ላይ ቀረ። አበባውን ከወለሉ ላይ የሚያነሳ ሰው አልነበረምና እሱ አንስቶ ያዘው፤ የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም።

ጋሽ ኪዳነ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ወደሱ መጡ። «የት ስትሄዱ ዋላችሁ?»

«ሀገር ስናይ።»

«ጠርጥራለች?»

ዮሲ በሴቶቹ ትከሻ መሀል አልጋነሽን ፈለጋት። እያየችው ነበር። ለቅሶው ውስጥ ሆና፣ በጣም በትንሹ፣ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

«አልጠረጠረችም» አለ።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ኪዳነ፣ ጉንጩን መታ መታ እያደረጉ። «አላልኳችሁም? ይኼ ፊት እኮ ምንም አይነበብበትም።»